ያልተፈረደባቸው ሕፃናትና የክፍል ረዳት

ፍርድ ቤት በአንዲት እናት ላይ የእስራት ፍርድ ሲያነብ መዝገቡ የሚይዘው የአንዲት ሰው ስም ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያቺ እናት ጡት የሚጠባ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር የደረሰች እንደ ሆነ፥ በሩ ተከፍቶ የሚዘጋው በሁለት ነፍስ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምን እንዳጠፋ የጠየቀው ዳኛ፥ ክስ ያቀረበበት ዐቃቤ ሕግ፥ የመሰከረበት ምስክር የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን በ52ኛው አንቀጽ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ከመጠየቅ ፈጽሞ ነፃ አድርጎታልና። ሕጉ ነፃ ያለው ይህ ሕፃን ግን ከእናቱ የሚለየው ስለሌለ፥ ከታራሚዎች ጋር እያደረ ከዋርድያዎች ጋር እየዋለ፥ ጧትና ማታ ቆጠራ በሚደረግበት ግቢ ዳዴ ይላል፥ እዚያው ይራመዳል፥ አፉንም እዚያው ይፈታል።

በዚህ ጽሑፍ የእናቲቱን ጥፋትና ቅጣት ለመመርመር አልተነሣሁም፤ ያ ለዳኞች የተተወ ነው። የምናገረው ስለ ልጁ፥ ይልቁንም ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ክፍል ገብቶ ከእኩዮቹ ጋር በሚቀመጥበት ቀን ከጎኑ ሊቆም ስለሚገባው ሰው ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በአንድ አጸደ ሕፃናት የክፍል ረዳት ሆኜ ባገለገልሁበት ጊዜ፥ ከማረሚያ ቤት ወጥተው ከአያት ወይም ከአክስት ዘንድ የተጠጉ ሕፃናትን በቅርብ ለማየትና ለመርዳት ዕድል ስላገኘሁ፥ ያየሁትም ነገር ዝም የሚያሰኝ ሆኖ ስላላገኘሁት፥ አሳቤን አስቀድሜ በግልጥ ልናገር፦ እናትን በሕግ ያሰረ መንግሥት፥ ልጅዋ በሚማርበት ክፍል ሁሉ፥ ክፍሉ በግንቡ ውስጥም ይሁን ከግንቡ ውጭ፥ የልጁን ስሜትና ጠባይ መከታተልን ዋና ሥራው ያደረገ፥ የሠለጠነና ደመወዝ የተቆረጠለት ረዳት የመመደብ ዕዳ አለበት።

በእርግጥ ሕጋችን ስለ እነዚህ ሕፃናት ፈጽሞ ዝም አላለም። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 365ና በ1999 ዓ.ም. በተከተለው የታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138፥ የእናት ክብካቤ የሚያሻው ዕድሜው ከ18 ወር ያልበለጠ ሕፃን ከታሰረች እናቱ ጋር እንዲቆይ ተፈቅዶ ነበር፤ መቆየቱ የሚጎዳው ሲሆን ደግሞ ለቅርብ ዘመድ የሚሰጥበት መንገድ ተመልክቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው የቅርብ ዘመድ ሲል ያሰበው ዘመድ ሁልጊዜ አይገኝም። አባቱ ያልታወቀ ወይም ራሱ የታሰረ፥ እናቱ ከሩቅ አገር ለቤት ሠራተኝነት መጥታ በአዲስ አበባ ዘመድ ያላፈራች፥ ያሉትም ዘመዶች በድኅነት ወይም በኀፍረት ምክንያት ፊታቸውን ያዞሩበት ሕፃን፥ ዕድሜህ ሞልቷልና ውጣ ቢባል ከበሩ ማዶ እጁን የሚቀበለው ሰው የለውም። ስለዚህ በአገራችን ማረሚያ ቤቶች ከተፈቀደው ዕድሜ ያለፉ፥ ተረት ሰምተው የሚደግሙና ጥያቄ የሚጠይቁ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር መኖራቸው የታወቀ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማረሚያ ቤቶችን ጎብኝቶ ባወጣቸው ዘገባዎች ለእነዚህ ሕፃናት የሚበቃ ምግብና አገልግሎት እንደማይቀርብ ደጋግሞ አሳስቧል።

እናቶቹንም በጅምላ ወንጀለኞች ብሎ መፈረጅ አይገባም። ከመካከላቸው ገና ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ አሉ፤ ኋላም ነፃ የሚባሉ አይጠፉም። ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል በ1998 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳለች ወንድ ልጅ ተገላግላ፥ በ1999 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ነፃ ተብላ መውጣቷ የታወቀ ነው። እናቲቱ ነፃ ብትባልም ባትባልም ግን የልጁ ጉዳይ አይለወጥም፤ እርሱ በሕይወቱ መጀመሪያ ያያቸው ወራትና ዓመታት በግንብ ውስጥ ያለፉ ናቸው፥ ያንንም ጊዜ የትኛውም የፍርድ ቤት ውሳኔ አይመልስለትም።

እንዲህ ከሆነ ልጁን ገና በጥዋቱ ከእናቱ ለይቶ ንጹሕ ወደ ሆነ ማሳደጊያ መውሰድ አይሻልምን? የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም መልሱ ከብዙ ዘመን በፊት ተገኝቷል። በቪየና የተወለደው የአእምሮ ሐኪም ሬኔ ስፒትስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 እና በ1946 ባሳተማቸው ጽሑፎች፥ ሁለት የሕፃናት መኖሪያዎችን አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው ንጽሕናው የተጠበቀ፥ ሐኪም የሚጎበኘው፥ ምግቡም የተሟላ ማሳደጊያ ሲሆን፥ አንዲት ሞግዚት ለብዙ ሕፃናት ትዳረስ ነበር፤ ሁለተኛው በሴቶች እስር ቤት ውስጥ የተቋቋመና የታሰሩት ወጣት እናቶች ራሳቸው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ክፍል ነበር። በማሳደጊያው ከነበሩት 91 ሕፃናት መካከል 34ቱ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲሞቱ፥ ከሞት የተረፉትም ብዙዎቹ ከመናገርና ከመራመድ ዘግይተው ሲታዩ፥ በእስር ቤቱ ውስጥ በእናታቸው እቅፍ ያደጉት ግን እንደ ማናቸውም ሕፃን ስቀውና ተጫውተው አደጉ። ሕፃን በምግብና በንጽሕና ብቻ እንደማይኖር፥ ዘወትር የሚያየው አንድ የታወቀ ፊት፥ ሲያለቅስም የሚደርስለት አንድ የታወቀ እጅ እንደሚያሻው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። እንግዲህ ልጁን ከእናቱ መንጠቅ መድኃኒት አይደለም፤ መድኃኒቱ ልጁ ከእናቱ ጉልበት ርቆ ወደ ክፍል በሚሄድበት ሰዓት ሌላ የታወቀ ፊት እንዲጠብቀው ማድረግ ነው።

ይህ ፊት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ሕፃን በምሳሌነት ላንሣ። ስሙንም የማረፊያውን ሰፈርም አልጠራም። ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር በማረሚያ ቤት ቆይቶ ከአያቱ ዘንድ የመጣ ነበር። የዕረፍት ደወል ሲደወል ሌሎቹ ሕፃናት እየተጋፉ ወደ ሜዳ ሲሮጡ፥ እርሱ ከግድግዳው ሥር ሄዶ ቁጢጥ ይላል፤ እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ ያኖራል፥ ዐይኑንም ወደ መሬት ይጥላል። በዚያ ሁኔታ ሳለ በሩጫ የሚያልፍ ልጅ የነካው እንደ ሆነ በጥፍርም በጥርስም ይነሣበታል። ክፍሉን የምትመራው መምህርት፥ ትጉህና ደግ ሴት ሆና ሳለች፥ ብዙ ሕፃናት በአንድ ጊዜ የሚጠሯት በመሆኗ ነገሩ እምቢተኝነት መስሎ ታያት፤ በመዝገቧም «አስቸጋሪ» ብላ ጻፈችው። አያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ ግን ምሥጢሩ ተገለጠ። በዚያ ልጅ ዘንድ ደወል ማለት ቆጠራ ማለት ነበር፤ ቆጠራ ሲጠራ ሰው ሁሉ ቦታውን ይዞ ጸጥ እንደሚል፥ ልጅ በረድፉ መካከል ቢሯሯጥ እናቱ ተግሣጽ እንደሚደርስባት፥ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የቆጠረው ትምህርት ይህ ነበር። እምቢተኛ የተባለው ልጅ ከክፍሉ ሕፃናት ሁሉ ይልቅ ታዛዥ የነበረ ነው፤ የታዘዘው ግን ከዚያ ክፍል ውጭ ለሚኖር ሥርዓት ነበር።

ለዚህ ልጅ የተደረገለት ነገር ታላቅ ጥበብ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ጊዜ ያለው ሰው ብቻ የሚጠይቅ ነበር። ደወሉ ከመደወሉ ጥቂት ቀደም ብዬ ከአጠገቡ ተቀምጬ «አሁን ሊደወል ነው፤ ሲደወል እኔና አንተ ኳስ ይዘን እንወጣለን» እለዋለሁ፤ ሲደወልና ወደ ግድግዳው ሲሄድም ሳልጎትተው ከጎኑ ቁጢጥ እልና ትንፋሹ እስኪረጋ ድረስ እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያም ቀስ ብዬ እጄን እዘረጋለታለሁ። በመጀመሪያ እጄን አይነካም ነበር። ቆይቶ ደወሉ ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ማየት ጀመረ፤ ኋላም እጄን ይዞ ከበሩ እስከ ሜዳው ዳር መውጣት ለመደ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኳሱን ከእኔ ቀድሞ የሚያነሣው እርሱ ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ለአንድ ልጅ መስጠት የምትችል መምህርት በአገራችን አጸደ ሕፃናት ውስጥ የለችም፤ ልትኖርም አትችልም፤ ጥፋቱም የእርሷ አይደለም። አንዲት መምህርት ፊደል አስቆጥራ፥ መዝሙር አስዘምራ፥ የወደቀውን አንሥታ፥ ምሳ ዕቃ ከፍታ፥ የታመመውን ለወላጅ ልካ፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ በግድግዳ ሥር ከተቀመጠው ልጅ ጋር ቁጢጥ ትበል ማለት ከሰው አቅም በላይ መጠየቅ ነው።

የክፍል ረዳት ሥራ አፍንጫ መጥረግና ጫማ ማሰር ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አፍንጫ መጥረጉ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው እንዲሉ አበው። ነገር ግን በስሜትና በጠባይ ለተጎዳ ልጅ የሚመደብ ረዳት ከዚህ የጠለቀ ተግባር አለበት፤ የመጀመሪያውም ማስተዋል ነው። ሕፃን ኅዘኑንና ፍርሃቱን በቃል ለመግለጥ ስለማይችል የልቡን የሚናገረው በእጁ፥ በእግሩ፥ በጩኸቱ ወይም በዝምታው ነው። ስለዚህ በእኛ ክፍል ስለዚያ ልጅ አንድ ደብተር እንይዝ ነበር፤ በደብተሩም ልጁ ከመቆጣቱ አስቀድሞ ምን እንደ ሆነ፥ ሲቆጣ ምን እንዳደረገ፥ ከዚያም በኋላ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ምን እንዳደረጉለት ወይም እንዳደረጉበት በየዕለቱ ይጻፋል። ከሳምንታት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ ማንም ያልጠረጠረው ነገር ታየ፤ የልጁ ቍጣ ይበዛ የነበረው ሰኞ ሰኞ ነበር። አያቱ ስንቅ ቋጥረው እሑድ ወደ ማረሚያ ቤቱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ በር ላይ ተፈትሾ ይገባል፥ እናቱን ያያል፥ ሰዓቱ ሲያልቅም እናቱን እዚያው ትቶ ይወጣል። ሰኞ ጧት በክፍል ውስጥ ወንበር የሚገለብጠው ልጅ ትናንት ከእናቱ የተለየ ልጅ ነበር። ይህን ያወቀ ረዳት ሰኞ ጧት ከበሩ ላይ ይቀበለዋል፤ ሌሎቹ ሲዘምሩ እርሱን በግድ አያዘምርም፤ እርሳስና ወረቀት ሰጥቶ ለእናቱ የሚወስደውን ሥዕል ያስለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ሲረጋ ወደ ጓደኞቹ ይመልሰዋል። ይህን ያላወቀ ግን ሰኞን ሁሉ የቅጣት ቀን ያደርግበታል።

ሁለተኛው ተግባር ከጥፋት በኋላ ማስታረቅ ነው። ልጁ ጓደኛውን ነክሶ ወይም አቍስሎ ከሆነ ነገሩ ምንም እንዳልሆነ ተደርጎ አይታለፍም፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ለነከሰውም ለተነከሰውም አይጠቅምም። ረዳቱ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፥ በሰው ፊት ሳያዋርደው፥ ቍጣው እስኪበርድ ለብቻው አብሮት ተቀምጦ፥ ከበረደም በኋላ የተጎዳውን ልጅ ውኃ እንዲያመጣለት፥ የወደቀውን ዕቃ እንዲያነሣለት፥ ይቅርታም እንዲለው ያደርጋል። ወጌሻ የወለቀ ክንድን ለምን ወለቅህ ብሎ እንደማይመታው፥ ሕመሙ የት እንዳለ በጣቱ ዳስሶ ካገኘ በኋላ ግን ለቅሶውን ሳይፈራ እንደሚያቃናው፥ እንዲሁ የክፍል ረዳትም ሳይጨክንም ሳያሞላቅቅም ጠባይን የሚያቃና ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ተግባር ምሥጢር መጠበቅ ነው። የልጁ እናት የት እንዳለች ከመምህርትና ከረዳት በቀር በግቢው ማንም ማወቅ አይገባውም፤ «የእስረኛ ልጅ» የሚለው ስም አንድ ጊዜ ከጓደኛ አፍ የወጣ እንደ ሆነ፥ ልጁ የእናቱን ፍርድ በራሱ ላይ ሲያነብ ይኖራልና።

ይህን ሲሰሙ «እኛ ያደግነው በአርጩሜ ነው፤ አርጩሜም ሰው አደረገን» የሚሉ አሉ። የሽማግሎችን ቃል በንቀት አላልፈውም፤ ነገር ግን በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ሰው ያደረጋቸው አርጩሜው ብቻ እንዳልነበረ ራሳቸው ያስታውሳሉ። የኔታ ያን ሁሉ ሕፃን ብቻቸውን አያስተምሩም ነበር፤ ዳዊት የደገመው ለንባብ ተማሪው፥ ንባብ የለየው ለፊደል ቆጣሪው በአጠገቡ ተቀምጦ ጣቱን ይዞ ያስጠናዋል፤ ታናሹ ሲያለቅስ ያባብለዋል፥ ሲጠፋው ያስታውሰዋል። ከጎን የሚቀመጥ ረዳት እንግዳ ትምህርት እንዳይደለ፥ አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሠሩበት የኖሩት ሥርዓት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። በአርጩሜው በኩል ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ፥ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጎ ክርክሩን ዘግቶታል። ከዚህም ሌላ፥ ጩኸትና ዱላ ባለበት ቦታ ጸጥ ብሎ መቀመጥን የለመደ ልጅ በዱላ ጸጥ ቢል ጠባዩ ታርሟል ማለት አይደለም፤ የሚፈራው ሰው ተለወጠ ማለት ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ «የንጹሕ ሰው ልጅ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ እየተማረ ለእስረኛ ልጅ ረዳት ይቀጠር ማለት ፍትሕ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ለእነዚህ የምመልሰው በዐይኔ ያየሁትን ነው። ያ ልጅ ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ መጫወት በጀመረ ጊዜ መምህርቷ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርፍ አገኘች፤ የሚነከስ ልጅም ቀረ፤ አባቱ የሞተበት፥ እናቱ ወደ ዐረብ አገር የሄደችበት፥ በቤቱ ጠብ የሚበዛበት ሌላው ሕፃንም ከዚያው ረዳት ጉልበት ሥር መጥቶ መቀመጥን ለመደ። ለአንዱ የተመደበ ረዳት ክፍሉን በሙሉ ይጠቅማል። ደግሞም አገራችን ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንግዳ አይደለችም፤ ለዕውራን ሰበታ መርሐ ዕውራንን አቋቁማለች፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልዩ ድጋፍ የሚያሻቸው ልጆች እንደ ችሎታቸው እንዲማሩ አዝዞ ነበር፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ከገዛ ልጃቸው ሕይወት ተነሥተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ በመመሥረታቸው፥ ቤት ተዘግቶባቸው ይኖሩ የነበሩ ሕፃናት ወደ አደባባይ ወጥተዋል። ዐይኑ የማያየውን፥ ጆሮው የማይሰማውን ልጅ መርዳት እንደሚገባ ከተስማማን፥ ጉዳቱ በልቡ የተሰወረውን ልጅ ለብቻው የምንተወው በምን ምክንያት ነው? ጉዳቱ ስለማይታይ ባለጌ ተብሎ የሚቀጣው እርሱ ብቻ ነውና፥ ርዳታው ለእርሱ ሊቀድም በተገባ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ ታራሚ እናቶች ከነልጆቻቸው በሚኖሩበት በቃሊቲና በሌሎቹም ማረሚያ ቤቶች፥ ልጆቹ በሚውሉበት ክፍል የክፍል ረዳት የሚባል መደብ በትምህርት ሚኒስቴርና በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ስምምነት ይከፈት። ይህ ረዳት የደንብ ልብስ የማይለብስ፥ በጥበቃ ሥራ የማይታዘዝ ይሁን፤ ልጁ ዋርድያ ያልሆነና ታራሚም ያልሆነ ሰው መኖሩን የሚማረው ከእርሱ ነውና። ሁለተኛ፥ ልጁ ከግቢው ሲወጣ ረዳቱና ደብተሩ አብረውት ይውጡ፤ ይኸውም ልጁ በሚገባበት ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያው የሚያውቀው ሰው እየተመላለሰ ለአዲሱ ረዳት ያስተዋውቀው ማለት ነው። ከእናቱ በተለየበት ወር የሚያውቀውን ፊት ሁሉ በአንድ ቀን ቢያጣ፥ ስፒትስ ካያቸው የማሳደጊያ ሕፃናት ዕጣ ብዙ አይርቅም።

ሦስተኛ፥ ከታራሚ ሴቶች መካከል የተማሩትና ጠባያቸው የተመሰከረላቸው በዚህ ሙያ ይሠልጥኑ። በማረሚያ ቤቶቻችን ታራሚ ታራሚን ፊደል ማስቆጠሩና ማስተማሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ከዚህ ልማድ ላይ የሕፃናት አያያዝ ሥልጠናን መጨመር አስቸጋሪ አይሆንም። የምስክር ወረቀቱም ከማረሚያ ቤት ውጭ እኩል የሚታመን ሆኖ ቢሰጣቸው፥ በወጡ ጊዜ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙበት ሙያ ይሆናል። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች በግቢው ውስጥ ካለው ደመወዝተኛ ረዳት ጋር የሚሠሩ ይሁኑ እንጂ እርሱን የሚተኩ አይሁኑ፤ ጧት ከውጭ ገብቶ ማታ የሚወጣ፥ በገበያና በመንገድ ያየውን ለልጁ የሚያወራ፥ እየያዘውም ወደ ውጭ የሚያወጣው ሰው የግድ ያስፈልጋልና። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የባንኮክ ደንቦች ተብለው የሚታወቁትን 70 ደንቦች ሲያጸድቅ፥ ከእናታቸው ጋር በእስር ቤት ያሉ ልጆች ከቶ እንደ እስረኛ እንዳይታዩ፥ የሚያድጉበትም ሁኔታ በተቻለ መጠን ከውጭው ሕፃን ሁኔታ ጋር እንዲቀራረብ ያዘዘው ይህንኑ አስቦ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዳኞችና የይቅርታ ቦርድ ሊያስቡት የሚገባ ነገር አለ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ በመሪዎች ጉባኤ የጸደቀ፥ አገራችንም የተቀበለችው ሕግ ነው። የቻርተሩ 30ኛ አንቀጽ ስለታሰሩ እናቶች ልጆች ብቻ የተጻፈ ሲሆን፥ ለእንዲህ ያለች እናት በቅድሚያ ከእስራት ውጭ ያለ ቅጣት እንዲታሰብላት ያዝዛል፤ የቻርተሩን አፈጻጸም የሚከታተለው የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያ አጠቃላይ ማብራሪያውን ያወጣው ለዚሁ አንቀጽ ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የቆመው የቀድሞው ከርቸሌ፥ ሕዝቡ ዓለም በቃኝ ይለው የነበረው እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ የአህጉሪቱ ሕግ ሲከበር፥ ከከርቸሌ በኋላ ታራሚዎችን በተቀበለችው ቃሊቲ ይኸው ሕግ ሊዘነጋ አይገባም። ሊሆን እንደሚችልም አይተናል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ሲፈቱ፥ ሕፃናት የያዙ እናቶችም ከይቅርታው ተካፋዮች ነበሩ። በወረርሽኝ ጊዜ የተቻለው ምሕረት በጤና ጊዜ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ምሕረት ሊደረግላት ለማይችል እናት ልጅ ግን የክፍሉ ረዳት ዛሬውኑ ያስፈልጋል።

አንባቢ ሆይ፥ ከመንግሥት የሚጠበቀው እንደ ተጠበቀ ሆኖ ከአንተና ከአንቺም የሚጠበቅ አለ። ልጅህ ከትምህርት ቤት መጥቶ በክፍላችን አንድ የሚነክስ ልጅ አለ ቢልህ፥ ያ ልጅ ይባረርልኝ ብለህ ወደ ርእሰ መምህሩ ከመሮጥህ በፊት፥ በክፍሉ ረዳት አለ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ ከሌለም ከወላጆች ጋር ሆነህ እንዲቀጠር ጠይቅ። በዓውደ ዓመት እስረኛ ለመጠየቅ ስንቅ ቋጥራችሁ ወደ ቃሊቲ የምትሄዱ የማኅበርና የዕድር አባላትም፥ ዳቦውንና ሳሙናውን ስታስረክቡ የሕፃናቱን ክፍል ጉዳይ አንሡ፤ ደብተርና እርሳስ፥ የሥዕል ቀለምና ኳስ ከስንቁ ጋር ጨምሩ፤ በማኅበራችሁ ውስጥ መምህር የሆነ ሰው ካለ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያገለግል ፈቃድ ጠይቁለት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የበጎ ፈቃድ ሰው ይደክመዋል፥ ሥራ ይለውጣል፥ ከአገር ይወጣል፤ ልጁ ደግሞ በየወሩ አዲስ ፊት እንዲለምድ አይገባውም። ስለዚህ የክፍል ረዳት ደመወዝ በምጽዋት ሳይሆን በመንግሥት በጀት መያዝ አለበት፤ በጀቱም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነውና፥ ትምህርት ሚኒስቴር፥ የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንና የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ለሚቀጥለው ዓመት የሚያቀርቡትን ሲያዘጋጁ ይህን አንድ መደብ ጨምረው ለምክር ቤቱ እንዲያቀርቡ፥ ምክር ቤቱም እንዲያጸድቀው አጥብቄ እጠይቃለሁ።